ግራፊክ ዲዛይን ለሽያጭ ብቻ ነው እንዴ? ከመርካቶ የተማርኩት

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ተራ ጥያቄ ነው። ክፍል ውስጥ «ግራፊክ ዲዛይን ለምን ይጠቅማል?» ተብለን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን የመለስነው ስለ ሎጎ፣ ስለ ማሸጊያ፣ ስለ ባንክና ስለ ቢራ ማስታወቂያ ነበር። እኔም እንደዚያው ነበር የመለስኩት። «ሰው የከፋውን ነገር የሚናገርበት መንገድ ነው» ብሎ እጁን ያወጣ አንድም አልነበረም። መምህራችንም መልሳችንን ተቀብለው ወደ ቀጣዩ ርዕስ አለፉ። ታዲያ እኔ ከዚያ በኋላ የሆነ አንድ ነገር ሐሳቤን አስቀየረኝና ዛሬ መልሴን ማረም ፈልጌያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ማኅበራዊ ጉዳይ» በሚል ርዕስ ፖስተር እንድንሠራ ታዘዝን። እኔ የመረጥኩት የመርካቶን የተዘጉ ሱቆች ነው። እንደምታስታውሱት በኅዳር 2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት መርካቶ ውስጥ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ተናፈሰ፣ መንግሥት በበኩሉ ወሬው ሐሰት ነው፣ ያለ ደረሰኝ መነገድ ግን ይቁም አለ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለጊዜው ልተወው። እኔን የሳበኝ እይታው ነው። ያ ሁሉ ግፊያ፣ ያ ሁሉ «መንገድ! መንገድ!» የሚል ተሸካሚ ያለበት ሰፈር ጸጥ ብሎ፣ ላሜራ መዝጊያ ከነቁልፉ ተደርድሮ ሲታይ በራሱ ሰልፍ ነው። መፈክር የሌለው ሰልፍ።

እናም አንድ መዝጊያና አንድ ትልቅ ቁልፍ በጥቁር ሳልኩ፤ ከላይ በወፍራም ቀይ ፊደል «ሰሚ ያጣ ነጋዴ» ብዬ ጻፍኩበት። ፖስተሩ በእጅ መታተም ስለነበረበት ፍላሼን ይዤ መርካቶ ሄድኩ። አንድ የቆየ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ካናቴራና ፖስተር በስክሪን የሚያትሙ፣ ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ የሚመስሉ ሰው አገኘሁ። ሥራዬን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍተው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አዩት።

«ልጄ፣ ስንት ቀለም ነው?» አሉኝ።

«ሁለት ነው ጋሼ። ጥቁርና ቀይ።»

«በአንድ አድርገው። ጽሑፉን አውጣው፤ ቁልፉ ይበቃል።»

እኔ የብር ጉዳይ መስሎኝ «ችግር የለም፣ የሁለቱንም እከፍላለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። «የብር አይደለም። መርካቶ ላይ የተዘጋ ሱቅ አይቶ ያልገባው ሰው ጽሑፍ ብትጨምርለትም አይገባውም። ደግሞ ስማ፣ ነገር ከመጣ አንተ ወረቀትህን ይዘህ ትሄዳለህ። ፍሬሙ ግን እዚሁ ነው የሚገኘው፤ እኔም እዚሁ ነኝ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሦስት ዓመት ስማር እንዲህ ያለ ትምህርት በሁለት ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ስለ ዲዛይን ነው፤ የሚታየው ነገር ከተናገረ ቃል አትደርድርበት። ሁለተኛው ስለ ኃላፊነት ነው፤ አንተ የምትስለው ነገር ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለ ሁለቱም በየተራ ልናገር።

ሥራውን ለማታውቁ የሌላ ክፍል ተማሪዎች ባጭሩ ላስረዳ። በስክሪን ኅትመት ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ያስፈልጋል። ቀጭን ጨርቅ በእንጨት ላይ ይወጠርና ብርሃን የሚያደርቀው ፈሳሽ ይቀባል። ሥዕሉ የታተመበት ፊልም ከላይ ተደርጎ ብርሃን ሲበራበት፣ ጥቁር የሆነው ቦታ ብርሃን ስለማያገኝ በውሃ ታጥቦ ይለቃል፤ ቀለሙም በዚያ በኩል ያልፋል። ስለዚህ አታሚው ሁልጊዜ የሚያስበው «ምን ልጨምር» ብሎ ሳይሆን «ምን ልቀንስ» ብሎ ነው። መቀነስ ደግሞ በአገራችን የፖለቲካ ግራፊክስ ውስጥ ከመጨመር የበለጠ የተናገረበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በሰንደቅ ዓላማው ላይ የነበረውን አንበሳ ወዲያው አላጠፋውም። መጀመሪያ ዘውዱን ከራሱ ላይ አወረደና በያዘው ዘንግ ጫፍ የነበረውን መስቀል ወደ ጦር ቀየረው። አንበሳው ያው አንበሳ ነው፤ ግን አንድ ሺህ ገጽ አዋጅ የማይናገረውን ነገር አንድ ዘውድ መነሳቱ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ነው አንበሳው ራሱ የሄደው። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ሰማያዊ ክብ ላይ ያለው ኮከብ መጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654 ዓርማ የሌለበትን ሰንደቅ ዓላማ መጠቀም ከለከለ። ከዚያ ወዲህ «ልሙጥ» የሚባለው ባንዲራ ራሱን የቻለ የተቃውሞ ምልክት ሆነ። አስቡት እስቲ፣ ያ ሰው ምንም አልጻፈም፣ ምንም አልሳለም። የሠራው አንድ ነገር መተው ብቻ ነው። አታሚው እንዳሉኝ ደግሞ «ልሙጡ በሦስት ፍሬም ይወጣል፣ ኮከቡ ያለበት ለሰማያዊው አራተኛ ይፈልጋል።» በመርካቶ ሒሳብ ተቃውሞው የሚረክሰው በአንድ ፍሬም ነው ማለት ነው! ዋጋው ግን በፍሬም እንደማይለካ በየበዓሉ ልሙጡን የተነጠቀና የተያዘ ሰው ያውቀዋል።

ሁሉም ሰው ይህን ባንዲራ እንደ እኔ ያየዋል ብዬ አላስብም። ለአንዱ የአባቶቹ ባንዲራ ነው፣ ለሌላው የንጉሡ ዘመን ማስታወሻ ነው። ክፍላችን ውስጥ እንኳ በዚህ የተጣሉ ልጆች አሉ። እኔ የምለው ለዲዛይን ተማሪ ከዚህ የበለጠ የጥናት ርዕስ ከየት ይመጣል ነው።

አታሚው የምርጫ 97ን ጊዜም አንስተውልኛል። እኔ ያኔ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበርኩ። «ጠዋት ንብ አትም ነበር፣ ከሰዓት ሁለት ጣት። ጠረጴዛው አንድ ነው» አሉኝ። ንብ የኢሕአዴግ የምርጫ ምልክት ነበር፤ ወደ ላይ የተቀሰሩት ሁለት ጣቶች ደግሞ የቅንጅት። የምርጫ ምልክት የተፈለገው ማንበብ የማይችለውም መራጭ ወረቀቱ ላይ እንዲለይበት ነው። ማለትም መነሻው አስተዳደራዊ ነገር ነው። ነገር ግን ጥሩ ምልክት ከወረቀት ላይ ይወርዳል። ሚያዝያ 29 እና 30 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ በተከታታይ በተደረጉት የኢሕአዴግና የቅንጅት ታላላቅ ሰልፎች ይህ በግልጽ ታየ። ንብን ለማሳየት ካናቴራ ወይም ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሁለት ጣት ግን ሁሉም ሰው እጁ ላይ አለው። ማተሚያ ቤት አያስፈልገውም፣ ሊወረስም አይችልም። ከዲዛይን አንጻር ካየነው በዚያ ምርጫ ከቀረቡት ምልክቶች ውስጥ ብልሁ እሱ ነበር እላለሁ።

ግን ብልህ ምልክት ያስከፍላል። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሳው ተቃውሞ ጊዜ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ አረጋግጧል። መርካቶም ከተኩሱ አላመለጠችም። «ከዚያ በኋላማ» አሉኝ አታሚው፣ «ሁለት ሻይ በጣት ማዘዝ ያስፈራን ነበር።» እየሳቁ ነው የነገሩኝ፤ ቀጥለው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ከእሳቸው ቤት ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ ታላቁ አንዋር መስጊድ አለ። በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ የተጀመረው የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ጥያቄ በየጁምዓው ወደዚህ መጥቶ ነበር። «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው መፈክር የእንቅስቃሴው ስም ሆነ። እስቲ ይህን ሐረግ እንደ ዲዛይነር እዩት። ማንንም አይሳደብም፣ የማንንም ስም አይጠራም፣ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ሰልፈኛው የሚያወጣው ነጭ ወረቀትና ቢጫ ካርድም ነበር። ቢጫው ምን ማለት እንደሆነ ኳስ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ቀይ አይደለም። በሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ቀለም በአንድ ጊዜ ሲያነሳ ግቢው በሙሉ አንድ ፖስተር ይሆናል። ለዚያ የወጣው ወጪ የወረቀት ብቻ ነው። እንግዲህ እኛ «ሚኒማሊዝም» እያልን ከአውሮፓ መጽሐፍ የምናጠናውን ነገር ጁምዓ ሰግዶ የሚወጣ ነጋዴ ሠርቶታል።

የታክሲ ጥቅሶችንም ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከአውቶቡስ ተራ በሚነሱት ሚኒባሶች ውስጥ የሚለጠፉት ስቲከሮች ስለ ዱቤ፣ ስለ ወሬኛ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ኑሮ ውድነት ይናገራሉ። አንዳንዱ ተሳፋሪውን የሚመክር መስሎ ከተሳፋሪው ራስ በላይ ያለውን ሰው ይነካል። ይህ የሰምና ወርቅ ልጅ ነው። የቅኔ ባለቤት ነን እያልን የምንኮራ ሕዝብ ቅኔያችን ዛሬ የት እንዳለ ከተጠየቅን አንዱ መልስ «ከሾፌሩ ኋላ የተለጠፈው ላይ» ነው። ችግሩ አንድ ነው። ታክሲው ሲሸጥ ወይም ወንበሩ ሲቀየር ስቲከሩ ተልጦ ይጣላል። ማንም አይሰበስበውም።

እስካሁን የተናገርኩት የሚያምረውን ገጽ ነው። ግራፊክስ ሁልጊዜ የተበደለ ሰው መሣሪያ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የበዳዩም ነው። በአገራችን ታሪክ ትልቁ የፖስተር ደንበኛ ራሱ መንግሥት ነበር። በደርግ ጊዜ አብዮት አደባባይ ላይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ተሰቅሎ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ በየመንገዱ በተጣሉ የወጣቶች አስከሬኖች ላይ መፈክር የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ያንን ወረቀት የጻፈ ሰው አለ። ፊደሉን አስተካክሎ፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርጎ። ይህን ሳስብ ይዘገንነኛል። በሌላ በኩል በስቴንስል የተባዛ አንድ የኢሕአፓ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ስለተገኘ የሞተ ወጣትም አለ። አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ፊደል፣ አንድ ዓይነት ወረቀት። ልዩነቱ ዲዛይኑ ላይ ሳይሆን ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ሰው ላይ ነው።

ቅርብ ጊዜም ምሳሌ አለን። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የኦነግ አመራር ወደ አገር ሊገባ ሲል አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ጠርዝና ምሰሶ ላይ ባንዲራ በመቀባት ምክንያት ወጣቶች ተጋጩ። አንዱ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይቀባል፣ ሌላው የኦነግን ቀለም ይቀባል፣ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። ብዙም ሳይቆይ በቡራዩና አካባቢዋ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ግጭቱን ቀለም ብቻ አመጣው ብሎ የሚያምን ሞኝ ነው። ግን ቀለሙ ለቁጣው ቅርጽ ሰጠው። ስለዚህ «ግራፊክስ የተቃውሞ ድምፅ ነው» ብዬ ዝም ብዬ ማጨብጨብ አልችልም። ለእኔ መለኪያው ይህ ነው፦ ምልክቱ የሚናገረው ሥልጣን ወዳለው ነው ወይስ ጎረቤትህ በር ላይ ነው የምትቀባው? የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው። ሁለተኛው ማስፈራሪያ ነው።

በዚህ ጉዳይ እኛ ብቻ አይደለንም፤ በአፍሪካ ውስጥ መንገዱን የሄዱበት አሉ። ከአፓርታይድ የሸሹ ደቡብ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1978 ጋቦሮኔ፣ ቦትስዋና ውስጥ ሜዱ የተባለ የጥበብ ማኅበር አቋቁመው ፖስተሮችን በስክሪን እያተሙ በድብቅ ወደ አገራቸው ያስገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1985 የደቡብ አፍሪካ ጦር ድንበር ተሻግሮ ከተማዋን ሲያጠቃ ከተገደሉት 12 ሰዎች አንዱ ከፖስተሮቹ ሠሪዎች አንዱ የነበረው ታሚ ምንዬሌ ነው። ዚምባብዌያዊው ቻዝ ማቪያኔ ዴቪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ከፓርላማው ምርጫ በፊት በየቀኑ አንድ አንድ ፖስተር እየሠራ በኢሜይል ይልክ ነበር። በዓመቱ አገሩን ለቆ አሜሪካ ገባ። እነዚህን ሰዎች የማነሳው ጀግና ሁኑ ለማለት አይደለም። ስማቸው፣ ሥራቸውና ቀኑ ተመዝግቦ ስለተቀመጠ ዛሬ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ማወቅ ቻልኩ። የመርካቶውን አታሚ ሥራ ግን ነገ ማን ያውቀዋል?

አሁን «ፖለቲካ ውስጥ ምን አስገባን፣ ተምረን ሥራ እንያዝ» የሚለኝ ጓደኛ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ እኔም ቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ እኔም የባንክ ማስታወቂያ ቢሰጠኝ እሠራለሁ። አንዳንድ መምህራንም «ተማሪዎቼን ችግር ውስጥ አላስገባም» ይላሉ፤ ይህን ፍርሃት አልንቀውም፣ ምክንያቱም ከየት እንደመጣ ከላይ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። እኛ ባንነካውም ሥራው መሠራቱ አይቀርም። ነገም ሰልፍ ይኖራል፣ ነገም ምርጫ ይኖራል፣ ነገም ባነር ይታተማል። ማንበብና ማመዛዘን የተማረ ዲዛይነር ከሌለ የሚሠራው ፎቶሾፕ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። የፊቱን ፎቶ ቆርጦ ሌላ ሰው ላይ የሚለጥፍ፣ የውሸት ደብዳቤ ከነማኅተሙ የሚያዘጋጅ ማለቴ ነው። ይህ ደግሞ በስልካችን በየቀኑ የምናየው ነው። ዝም ማለታችን ከፖለቲካ አያወጣንም፤ ሜዳውን ለሌላ መልቀቅ ነው።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በዲዛይን ታሪክ ኮርሳችን ውስጥ ከባውሐውስ ቀጥሎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለራሳችን ይሰጥ፤ የአብዮቱ ፖስተሮች፣ የምርጫ ምልክቶች፣ የባንዲራው ለውጥ፣ የታክሲ ጥቅስ። ሁለተኛ፣ የስብስብ ሣጥን ይኑረን። እያንዳንዱ ተማሪ በሴሚስተር አምስት ወረቀት ወይም ስቲከር ወይም የስቲከር ፎቶ፣ የተገኘበት ቦታና ቀን ተጽፎበት ያምጣ። የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ሳይመረጥ። ከአሥር ዓመት በኋላ ይህ ሣጥን ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ የመርካቶ አታሚዎችና የማስታወቂያ ጸሐፊዎች በዓመት አንድ ቀን ክፍላችን ይምጡና ያስተምሩን፤ እኛም እነሱ ዘንድ ሄደን ቀለም እንግፋ። አበል ከተባለ እኔ ከጓደኞቼ ጋር አዋጥቼ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ።

ለተማሪ ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ሥራችሁን ለማተም ስትሰጡ ፋይሉን ብቻ አትስጡ፤ ምን እንደሆነ ለአታሚው ንገሩት፣ እምቢ የማለት መብት ስጡት። እናንተ በድፍረታችሁ ልትሸለሙ ትችላላችሁ፤ እሱ ግን ጎማውን ይዞ ቀለም የገፋበት ፍሬም ላይ የእጁ አሻራ አለ።

የፖስተሩ ነገር እንዴት ሆነ ለምትሉኝ፣ ጽሑፉን አወጣሁት። በአንድ ቀለም፣ በአንድ ፍሬም፣ ሃያ ቅጂ ታተመ። አታሚው ከመስማማታቸው በፊት ደግሜ ጠየቅኳቸው፤ «ቁልፍ ነው እኮ፣ ቁልፍ ማተም ማን ይከለክላል?» ብለው ጀመሩ። ክፍል ውስጥ ስሰቅለው «መልእክቱ የታለ? ርዕስ የለውም» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰብኝ። አልተከራከርኩም። ከሃያው አንዱን እሳቸው ጋ ትቼው ነበር፤ በኋላ ስሄድ ከጠረጴዛቸው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። ባለጉዳይ ገብቶ ቀና ብሎ ሲያየው፣ ማንም ምንም ሳይለው ራሱን ነቅነቅ ሲያደርግ በዓይኔ አየሁ።

ሰላም ሁኑ።